ዓይን የማይገባ መኪና

ጋሼ ታከለ መሞቱን የነገረችኝ ሚስቱ እትዬ ጥሩዬ ናት። ለሳምንታት ተዘግቶ የከረመው ስልክ በተከፈተ ዕለት ደወለችና፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር አለችኝ፦ «ታከለ ዐረፈ። መኪናውም ድንጋዩ ላይ ቀረ።»

«እግዜር ያጥናሽ» አልኳት። ለመጀመሪያው ዜና የሚባለው ይኸው ነው። ለሁለተኛው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ አላገኘሁትም።

ሰው ሲሞት ወዲያው ደግ ይሆናል። በአገራችን ደግ ለመባል ከዚህ ያነሰ ድካም የሚጠይቅ ዘዴ የለም። በጋሼ ታከለ ለቅሶ ላይም እንዲሁ እንደተባለ አልጠራጠርም፦ ሰው አክባሪ፣ ለጋስ፣ ትሑት። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ለዓመታት ተከራይቼ ኖሬአለሁና ትሑት አልነበረም ብዬ እመሰክራለሁ። ነገረኛ ነበር። በማያውቀው ነገር ሁሉ ይፈርዳል፤ በሚያውቀው ነገር ደግሞ ሌላ ሰው አፉን እንዲከፍት አይፈቅድም። ከጎረቤቱ ጋር በአንድ አውራ ዶሮ ተጣልቶ፣ ዶሮው ታርዶ ከተበላ በኋላም አልታረቀም። የማልረሳው ደግ ስለነበረ አይደለም። አንድ ልጁን ቤት ለማቆየት ያደረገውን ነገር ሌላ አባት ሲያደርገው ስላላየሁ ነው።

ከተማችን ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ በሚወርደው የጠጠር መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ታሪክ አስተምር ነበር። ጋሼ ታከለ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ሰው ግን «መሪጌታ» እያለ ይጠራዋል። ለክብር እንዳይመስላችሁ፤ ለቀልድ ነው። በልጅነቱ ዜማ ተምሮ፣ ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ ነበር። ድጓ የዘለቀ ተማሪ በመጨረሻ እዚያ ሄዶ በመምህራን ፊት ማወቁ ይመሰከርለታል። ሳይመሰከርለት ዕድሜውን ሙሉ ቢዘምር መምህር አይባልም። ታከለ ሊመሰከርለት ጥቂት ሲቀረው አንድ የእህል መኪና በአቅራቢያው ተበላሽቶ ቆመ። ሊያይ ሄደ። መኪናው ሲነሣ እሱም አብሮ ተነሣ።

«ድምፁ ነው የጎተተኝ» ይል ነበር። «ሞተሩ በግዕዝ ጀመረ፣ ዳገቱ ላይ ዕዝል ሆነ፣ ቁልቁለቱ ላይ አራራይ። ምን ላድርግ?»

«ታዲያ አልተጸጸትክም?» አልኩት አንድ ቀን።

«በምኑ?»

«ሳይመሰከርልህ በመቅረትህ።»

«ለአንተስ ተመስክሮልሃል? ይኼው ዘወትር ትጽፋለህ። ማወቅህን ማን መሰከረ?» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው ቁስሉ እዚያው ላይ ነው።

ድንጋዩ ላይ ቀረ የተባለው መኪና ባለ ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲሠራ ለዓመታት የነዳው እሱ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ መኪናውን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ሸጡለት፣ እሱም እንደ ዘመድ ሬሳ ተቀብሎ ግቢው አስገባው። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ። ጎማዎቹ ተነፈሱ፣ ጭነት መጫኛው የዶሮ መፈልፈያ ሆነ። የሚነካው አልነበረም።

ከዚያ ጦርነት መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የጋሼ ታከለ ልጅ አስቻለው ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጥተኛ፣ አባቱ ሲጮህ ፈገግ የሚል። ክፍሉ ውስጥ አብረውት የነበሩት ልጆች ተራ በተራ ጠፉ። አንዱ በወዲህኛው ወገን ተሰለፈ፤ ወንድሙ በወዲያኛው። አንዱ በረሃ ሊያቋርጥ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ከተማዋ ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ «የማን ልጅ ሄደ?» ነበር። አስቻለው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፤ አባቱ ልጁን ያያል። በዚያን ሰሞን ስለ ወጣቱ ትውልድ በሬዲዮ የሚተነትኑ ሊቃውንት አልጠፉም። አንዳቸውም አንድን ልጅ ከደጃፍ እንዴት ወደ ቤት እንደሚመልሱት አልተናገሩም።

አንድ ጠዋት ጋሼ ታከለ ዶሮዎቹን ከመኪናው ላይ እያባረረ ጮኸ።

«አስቻለው! ና! ዛሬ ትምህርት ይጀመራል።»

«የምን ትምህርት?»

«የብረት።»

ወደ እኔ መስኮት ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እጁ ግራሶ የነካ ልጅ ሳይታጠብ ጠመንጃ አይዝም፣ መምህር። እኔ ደግሞ ሳሙና አላቀርብለትም።»

ማስተማር የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ እሱ በተማረበት፣ በቃል። «በቃልህ ያልያዝከውን በእጅህ አትንካ» አለው። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ጋደም ይልና ዓይኑን ይጨፍናል። ልጁ መኪናው ፊት ቆሞ እንደ ዜማ ተማሪ በቃሉ ይቀጽላል። ባሌስትራ የሚባሉትን፣ ከኋላ ተደራርበው የመኪናውን ሸክም የሚችሉትን የብረት ሰሌዳዎች የተማረበትን ቀን ከመስኮቴ ሆኜ ሰምቼአለሁ።

«ባሌስትራ ስትፈታ?»

«ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ።»

«ቀጥሎ?»

«በክሪክ አነሣለሁ።»

«ቀጥሎ?»

«ጎማውን እፈታለሁ።»

«ግንዱስ?» ጋሼ ታከለ ዓይኑን ሳይገልጥ ጮኸ። «ሻንሲው ሥር ግንድ ሳትደግፍ? ክሪኩ ሲንሸራተት ማን ነው ከሥር የሚያወጣህ? ገደልከን እኮ! ከመጀመሪያው!»

«አባዬ፣ አንዷን ብቻ ነው የዘለልኩ።»

«ለመሞት አንዷ ትበቃለች። ከመጀመሪያው!»

«እሺ፣ የኔታ» ይላል ልጁ ፈገግ ብሎ፤ እንደገና ከድንጋዩ ይጀምራል። እትዬ ጥሩዬ ሽሮዋን እያማሰለች ከጓዳ ትሰማለች። እኔ መጽሐፍ ገልጬ እሰማለሁ። «ከመጀመሪያው» የሚለው ቃል በዚያ ግቢ ውስጥ ከዶሮ ጩኸት ይልቅ የተለመደ ሆነ።

ክረምቱ አልፎ ገብሱ ሲታጨድ ሞተሩ ነቃ። ነዳጅ በጠርሙስ ካልሆነ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበር ለጥቂት ደቂቃ አስነሥተው አጠፉት። ያን ዕለት አስቻለው ስልኩን ይዞ መጥቶ የሌላ አገር ወጣቶች ፒክአፕ አሳየው። ሆዱ አስፋልቱን ሊልስ ምንም አልቀረው።

«ይኼ ምን ሆነ? ጎማው ተነፈሰ?»

«አውርደውት ነው አባዬ። ሆን ብለው።»

«ሰው ለታቦት ይንበረከካል። መኪና ለማን ይንበረከካል?»

«ያምራል እኮ!»

«ዓይኑ ለዞረበት ያምራል።»

የእኛ አገር ሰው መኪና ያገኘ እንደሆነ ከፍ ያስደርጋል እንጂ አያወርድም። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ወንዙ ድልድይ የለውም። ስለዚህ ነገሩ በዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጋሼ ታከለ ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። በዚያ ሳምንት ከአጎራባች ከተማ የሁለት ነጋዴዎች ፒክአፕ መወሰዱን ሰምተን ነበር።

«መምህር፣ ቆሞ የሚሄድ ፒክአፕ ማን ይፈልገዋል?»

«መሣሪያ የያዘ ሁሉ።»

«የወረደውንስ?»

መልሴን አልጠበቀም።

«ዝቅ ያለ ነገር ዓይን አይገባም» አለና እየሳቀ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ከሰማሁት ብልሃት ሁሉ የበለጠ መሰለኝ። ከባሌስትራው አብዛኞቹን ሰሌዳዎች አወጡ፣ የፊቱን ደግሞ ቡሎኑን አላልተው አወረዱ። የወጡትን ብረቶች በዘይት ቀብተው በጨርቅ ጠቅልለው ጋሼ ታከለ አልጋ ሥር አስቀመጡ። አስቻለው ከቤተ ክርስቲያኑ በር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ልጁ፣ አባቴ ምርጫዬን ተቀበለ ብሎ ደስ አለው። አባቱ፣ ልጄም መኪናዬም ከዚህ ከተማ አይወጡም ብሎ ደስ አለው። የቤተሰብ ሰላም የሚባለው ከዚህ የተለየ ነገር አይመስለኝም።

መኪናው መሄድ የሚችለው ከግቢው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። አስቻለው እሑድ እሑድ ቀስ ብሎ ሲነዳው ሕፃናት ከፊቱ እየሮጡ «እባቡ መጣ! እባቡ መጣ!» ይላሉ። ጋሼ ታከለ ከኋላ እጁን አጣምሮ በእግሩ ይከተላል። እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አልነበረም። ግን ሰው ብልሃቱን የሚያበላሸው በአሮጌ ቁስሉ ነው።

የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ተራው ደረሰው። ካህናቱና ማኅበርተኛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጸሎቱ ተደርጎ ዳቦው ሳይቆረስ ጋሼ ታከለ ተነሥቶ ቆመ።

«አባቶቼ፣ ዛሬ ከጠላው በፊት ምስክር እፈልጋለሁ።»

እትዬ ጥሩዬ ገንቦዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰው፣ ልጅህን እንደ ገበያ በሬ አደባባይ አታውጣ። ተወው በቤቱ ይወቅ።»

«ዝም በይ! ይህ የሊቃውንት ሥርዓት ነው። ያልተመሰከረ እውቀት ዲቃላ ነው።»

ዓይን አይግባ ብሎ መኪናውን ያንበረከከው ሰው ልጁን በሰው ሁሉ ፊት አቆመው። ዓይኑን በእናቱ ነጠላ አሰረለት። «የኔታ ዘንድ በጨለማ ነበር የምንቀጽለው፤ ዓይን ካስፈለገህ አልያዝከውም» አለ። አስቻለው ዓይኑ ታስሮ ካርቡራተሩን ከሞተሩ አወረደ። እያንዳንዱን ቁራጭ ስሙን እየጠራ ፈትቶ ሰፌድ ላይ አኖረ፤ መልሶ ገጠመ፤ መልሶም ሰቀለው። ከዚያ ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ።

«ይበል!» አሉ የነፍስ አባታቸው አባ ወልዴ፣ ቅኔ የሰሙ ይመስል። «ይበል! ልጅ አስቻለው ማወቁን አይተናል። መስክረናል።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሼ ታከለ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዙሮ አለቀሰ። እሱ ያላገኘውን ለልጁ አገኘለት።

ወሬው በማግስቱ ገበያ ወጣ። ዓይኑን ታስሮ መኪና የሚሠራ ልጅ። ንፋስ መውጫ ሲደርስ ልጁ ሞተሩን በሙሉ ፈትቶ ገጥሞ ነበር። እስቴ መካነ ኢየሱስ ሲደርስ፣ እንደሰማሁት፣ ከማረሻ ብረት አዲስ ሞተር ቀጥቅጦ ነበር።

የታጠቁ ሰዎች የመጡት ጾሙ ሊገባ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጽፍም። ፈርቼ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ግን የማልጽፈው ለእትዬ ጥሩዬ ልዩነት ስላልነበረው ነው። አለቃቸው ወጣት ነው፣ ጨዋ። ጋሼ ታከለን በአንቱታ ነው ያናገረው። ፒክአፑን ዞሮ ዞሮ አየና ጎንበስ ብሎ ሆዱን ተመለከተ።

«አባቴ፣ ይኼ መኪና ነው ወይስ አልጋ?»

«አርጅቶ ነው ልጄ። እንደ እኔ ወገቡ ተሰብሯል።»

«ከሥሩ ድመት አታልፍም እኮ!» ብለው ሳቁ ሌሎቹ። አንዱ ገብቶ ሊያወጣው ሞከረ፤ በሩ ላይ ካለው የድንጋይ እርከን ላይ ሆዱ ተንኳኳ። ወርዶ በሩን በእርግጫ ዘጋው። «ይኼ ለሠርግም አይሆን።»

ጋሼ ታከለም ሳቀ። ያን ሳቅ አስታውሰዋለሁ፤ ያሸነፈ ሰው ሳቅ ነው።

አለቃው ግን አልሄደም። «ዓይኑን ታስሮ መኪና የፈታው ልጅ የትኛው ነው?» አለ።

አስቻለው ከመኪናው ኋላ ቆሞ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ ታከለ።

«እርስዎ አይደሉም አባቴ። ወሬው ልጅ ነው የሚለው።»

«ወሬ ነው! ለማኅበሩ ማሳቂያ ያደረግነው ተንኮል ነው። ነጠላው ሳስቶ ያይ ነበር። ይኼ? ይኼ ደደብ ነው። ቡሎን ከዳዶ አይለይም። ይኼን ሁሉ ጊዜ ባስተምረው አንድ ነገር አልገባው። መምህር፣ ንገራቸው!»

«እውነት ነው» አልኩ። «ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር።» በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። አልበቃም።

አለቃው ፈገግ አለ። ከደጅ አንድ የጭነት መኪናቸው ተገፍቶ መጥቶ ቆሞ ነበር። «ደደብ ከሆነ ምን ቸገረን» አለ። «ወንድሜ፣ እስኪ ያችን እያት። ካልቻልክ እዚሁ ትቀራለህ።»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ አለመቻል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አባቱ በዓይኑ እየለመነው ነበር። ልጁ አባቱን አየ፣ እኛን አየ፣ እየሳቁበት ያሉትን የታጠቁ እኩዮቹን አየ። «ደደብ» የሚለው ቃል ገና አየር ላይ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ በካህናት ፊት የተመሰከረለት፣ በእኩዮቹ ፊት በአባቱ አፍ ደደብ ተባለ። ጠቢባን ስለ ጀግንነት ብዙ ጽፈዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ግማሹ ጀግንነት እንደዚህ ያለ ቅያሜ ነው።

አስቻለው ወጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ አንድ ነገር ፈታ፣ በአፉ ነፋ፣ መልሶ አሰረ። መኪናው ተነሣ።

ከዚያ ሳሙና ጠይቆ እጁን ታጠበ። እናቱ ጮኻ መሬት ላይ ወደቀች። ልጁ መጥቶ የአባቱን ጉልበት ሳመ። ጋሼ ታከለ እንደ መመረቅ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ከአፉ የወጣው ግን ምርቃት አልነበረም።

«ከመጀመሪያው» አለ። «ከመጀመሪያው፣ ልጄ። ከመጀመሪያው።»

አስቻለው ግን የጭነት መኪናው ላይ ወጣ።

እውቀት ሌባ የማይሰርቀው ሀብት ነው እያልን ልጆች እናስተምራለን። እኔም ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ሌባው እውቀቱን አይሰርቅም፤ ከነባለቤቱ ነው የሚወስደው። ጋሼ ታከለ መኪናውን ለማንም የማይጠቅም፣ ልጁን ለሁሉም የሚጠቅም አደረገ። ከሁለቱ አንዱ ቀረለት።

እኔ ትምህርት ቤቱ እንደማይከፈት ሲገባኝ ወደ ደብረ ታቦር ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት መኪናውን ከፍ እንዲያደርገው መከርኩት። ብረቶቹ አሉ፣ የሚያውቀው ሥራ ነው፣ ልጁን ፍለጋ ሊሄድበት ይችላል።

«ያወረደው እሱ ነው፣ የሚያነሣውም እሱ ነው» አለኝ። «ደግሞ ካነሣሁት ይወስዱታል። ልጁ ሲመጣ መኪናውን ሊያጣው ነው?»

ያን ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የሚቀጽልለት ግን አልነበረም።

የቀረውን እትዬ ጥሩዬ በስልክ ነው የነገረችኝ። አንድ ጠዋት ሆዱን ያዘው፣ ነፋው፣ ያስጮኸው ጀመር። የጤና ጣቢያው ልጅ፣ አንጀቱ ታጥፎ ይሆናል፣ ቶሎ ንፋስ መውጫ ውሰዱት አለ። ከተማዋ ውስጥ ሌላ መኪና አልቀረም። ማኅበርተኞቹ ነዳጅ በየጠርሙሱ አዋጡ፣ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት መሪውን ያዘ፣ ጋሼ ታከለን ፍራሽ አንጥፈው በገዛ ፒክአፑ ላይ አስተኙት። ብረቶቹ አልጋው ሥር ነበሩ። መግጠም ከሚችሉት ሁለት ሰዎች አንዱ አልነበረም፣ ሌላው ፍራሹ ላይ ነበር።

ዳገቱን እንደጀመሩ መኪናው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወንዶቹ በትከሻቸው ሊያነሡት ሞከሩ፤ አልተነሣም።

«ምን ሆነ?» አለ ጋሼ ታከለ።

«ሆዱ ነካ» አለችው እትዬ ጥሩዬ።

«የማይሄድ ሆነ?»

«አልሄድ አለ።»

«አላልኳችሁም?» አለ። «ማንም አይወስደውም።» ፈገግ ብሎ ነበር አለችኝ።

ባሕር ዛፍ ቆርጠው ቃሬዛ አበጁና ተሸከሙት። ንፋስ መውጫ ሳይደርሱ ዐረፈ።

«ስለ አስቻለውስ?» አልኳት።

«ምንም» አለች። «አንዱ አየሁት ይላል፣ አንዱ አላየሁም ይላል።» ድምፅዋ ተለወጠ። «ስማ፣ መምህር። ብረቶቹን አውጥቼ ዘይት ቀብቻቸዋለሁ። ሰዎች ጠርቼ ድንጋዩ ላይ እንዳለ አስገጥመዋለሁ። ሾፌር አገኛለሁ። ልጄን ልፈልግ ነው።»

«እትዬ፣ ማን ይገጥመዋል?»

«እኔ ስነግራቸው ይገጥሙታል። ከጓዳ ሆኜ ስሰማው ኖሬ የለም? አንተም መስኮትህ ላይ ትሰማ ነበር። እስኪ ልበልልህ፤ ስሳሳት ዝም አትበለኝ።»

በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ያለኝ ሰው ነኝ፤ በዚህ ላይ ግን አልነበረኝም። መንገዱ እንደተዘጋ፣ መኪናውን እንዳነሣችው እንደሚወስዱባት፣ ልጁ የት እንዳለ ማንም እንደማያውቅ ልነግራት እችል ነበር። ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

«በይ» አልኳት።

«ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ» አለች በልጇ ዜማ፣ ቀስ ብላ። «በክሪክ አነሣለሁ። ጎማውን እፈታለሁ…»

ጠበቅሁ። ወደ ኋላ ተመልሳ አላረመችም።

«ግንዱን ዘለልሽው» አልኳት። «ከመጀመሪያው፣ እትዬ።»

«እሺ» አለች፤ እንደገና ከድንጋዩ ጀመረች።